ጤነኛ የነበረ ሰው የልብ ቫልቭ በባክቴሪያ ሲያዝ፣ የደም ካልቸሩም ምንም ሳያበቅል ሲቀር

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ታናሽ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። አያጨስም፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሮጣል፣ ልቡን ታሞ አያውቅም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ትኩሳት ሲመጣበት ሲሄድለት ሰነበተ፤ ሌሊት በላብ ይርሳል፣ ሰባት ኪሎ ቀንሷል። በዚህ መሃል ሁለት ጊዜ የአንቲባዮቲክ ክኒን ተሰጥቶት ሲውጥ ተሻለው፣ ሲጨርስ ተመለሰበት። አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ አኦርቲክ ቫልቩ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ላይ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነገር ታይቷል፤ የደም ካልቸሩ ግን በአምስት ቀን ምንም አላበቀለም። ጤነኛ ሰው ይህን በሽታ እንዴት ያገኘዋል? ባክቴሪያው ሳይገኝ ምርመራው እንዴት ይታመናል? ስድስት ሳምንት በደም ሥር መድኃኒት መውሰዱስ ግድ ነው?»

ከመካከለኛው ጥያቄ ልጀምር፤ የቀሩት ሁለቱ የሚፈቱት በእሱ ነው።

ካልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ ለማየት ደም በጠርሙስ የሚቆይበት ምርመራ፣ አለማብቀሉ ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም። የተቀዳው ደም ከሁለት ዙር ክኒን በኋላ የተቀዳ ነው። በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ ሐኪሞች ኢንዶካርዳይትስ በሚሉት በሽታ፣ ደም ውስጥ የሚዞረው ባክቴሪያ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው። ክኒኑ በደም ውስጥ ያለውን ያጠፋና በቫልቩ ላይ የሰፈረውን ሳይነካ ይተወዋል። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፣ ካልቸር ቢወሰድ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ከቫልቩ ላይ ያለው ክምችት እንደገና ወደ ደም ይረጫል። «ሲውጥ ተሻለው፣ ሲጨርስ ተመለሰበት» ያሉት ቃል ከጠቀሱት ነገር ሁሉ ትልቁን መረጃ የያዘ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት በአንቲባዮቲክ ሄዶ ያለ አንቲባዮቲክ ሲመለስ፣ መድኃኒቱ በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ባክቴሪያ እንደተደበቀ ማሰብ ግድ ይላል፤ የልብ ቫልቭ ደግሞ ከእነዚህ ቦታዎች ዋነኛው ነው። ካልቸሩ ምንም በማያበቅልባቸው የኢንዶካርዳይትስ ታማሚዎች ዘንድ በጣም የተለመደው ምክንያትም ይኸው ነው፤ አንቲባዮቲኩ ከደም ናሙናው መቅደሙ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ፣ የተወሰደው ካልቸር በትክክል ተወስዶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ሐኪሙን መፈታተን አይደለም፤ በሕክምናው ላይ ለውጥ የሚያመጣ መረጃ ነው። ደንቡ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ከተለያየ ቦታ በተወጋ ደም ሥር፣ በየመሃሉ ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ እያለፈ መቅዳት ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ጠርሙስ ይሞላል፤ አንዱ አየር የሚፈልጉ ባክቴሪያዎች የሚያድጉበት፣ ሌላው አየር የማይፈልጉት። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም መግባት አለበት። በድምሩ ወደ 60 ሚሊ ሊትር ነው። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ከአንድ ክንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳል፣ በጠርሙሱ 3 ሚሊ ሊትር ይገባበታል፣ ከዚያ «ካልቸሩ ነጋቲቭ ነው» ይባላል። ባክቴሪያው በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ጥቂት በሆነበት በሽታ የደሙ መጠን ማነስ ራሱ ውጤቱን ይለውጠዋል። ቆዳው በአልኮል ክሎርሄክሲዲን ተጠርጎ እስኪደርቅ መጠበቅ አለበት፤ የጠርሙሱም ክዳን በአልኮል ይጠረጋል። ቀደም ብሎ ከገባ የደም ሥር ቱቦ አይቀዳም፤ በቱቦው ላይ የተቀመጠ የቆዳ ባክቴሪያ ነገሩን ሁሉ ያደናግረዋል። ትኩሳት እስኪነሣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በዚህ በሽታ ባክቴሪያው ወደ ደም የሚገባው ያለማቋረጥ ነው።

ወንድምዎ አሁን የተረጋጋ ከሆነ፣ ማለትም የደም ግፊቱ ካልወረደ፣ ትንፋሽ ካላጠረው፣ ስትሮክ ካልደረሰበት፣ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ለአጭር ጊዜ አዘግይተው ወይም አቁመው ካልቸሩን መድገም ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ውሳኔው የእነሱ ነው፤ ሁኔታው እየከፋ ለሄደ ሰው ግን ማንም ይህን ማድረግ የለበትም። እንደዚያ ያለው ታማሚ ሦስቱ ናሙናዎች በፍጥነት ይወሰዱለትና መድኃኒቱ ወዲያው ይጀመራል።

አሁን ወደ «ጤነኛ ሰው እንዴት» ልመለስ። የልብ ውስጠኛ ሽፋን ልስልስ ነው፤ ባክቴሪያ በቀላሉ አይጣበቅበትም። ቫልቩ ላይ ደም በኃይል የሚመታበት ወይም ወደ ኋላ የሚያፈስበት ቦታ ካለ ግን ሽፋኑ ይቧጨራል። በተቧጨረው ላይ ደም የሚያረጉት ፕላትሌትና ፋይብሪን ተለጥፎ ትንሽ ጉብታ ይሠራል። ከዚያ በአንድ ቀን በድድ፣ በቆዳ ወይም በአንጀት በኩል ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ እዚያ ይጣበቃል፣ ተጨማሪ ፋይብሪን ይሸፍነዋል፣ ጉብታው ያድጋል። ሐኪሞቹ ቬጀቴሽን የሚሉት ይህን ነው። ባክቴሪያ ወደ ደም እንዲገባ ጥርስ መነቀል አያስፈልግም፤ ድዱ የቆሰለ ሰው ጥርሱን ሲቦርሽና ሲያኝክ በየቀኑ በጥቂቱ ይገባል። በአብዛኛው ደሙ ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ያጸዳዋል።

በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከዚያ በፊት የልብ ችግር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ ችግሩ የነበረባቸው፣ ግን ያልታወቀላቸው ናቸው። አኦርቲክ ቫልቭ በተፈጥሮው ሦስት ቅጠል አለው፤ ከመቶ ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ ግን ሁለት ቅጠል ይዘው ይወለዳሉ። እንዲህ ያለው ሰው ይሮጣል፣ ሸክም ይሸከማል፣ አርባና ሃምሳ ዓመት እስኪሆነው ምንም ላይሰማው ይችላል። ኢኮውን ያነበቡትን ሐኪም «ቫልቩ ስንት ቅጠል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ለወንድምዎ ብቻ ሳይሆን ለእርስዎም ይጠቅማል፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ሌላው የተለመደ የተደበቀ ችግር የማይትራል ቫልቭ (በግራ ልብ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው በር) ቅጠል ወደ ኋላ መለጠጥ ነው፤ ደም የሚያፈስ ከሆነ ለኢንፌክሽን መንገድ ይከፍታል። ፍጹም ጤነኛ ቫልቭም ቢሆን ከአንድ ባክቴሪያ አያመልጥም፤ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ያልተቧጨረ ሽፋን ላይ የመጣበቅ ኃይል አለው። እሱ ግን ስድስት ሳምንት አይታገሥም። በቀናት ውስጥ ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል፣ ቫልቩን ይበሳል። የወንድምዎ በሽታ ቀስ ብሎ የመጣ ስለሆነ ሐሳቤ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል።

ቀስ ብለው ከሚመጡት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው የአፍ ስትሬፕቶኮከስ፣ ቪሪዳንስ የሚባለው ቡድን ነው። ክኒን የወሰደ ሰው ካልቸር ላይ ከሚጠፉት ቀዳሚው እሱ ነው፤ ለፔኒሲሊን ዓይነት መድኃኒት በጣም ስለሚሸነፍ ጥቂት ክኒን እንኳ ከደሙ ያጠፋዋል። በዚህ በሽታ ባለሙያ ያልሆነ ሰው የማይገምተው፣ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ብዙ ነገር አለ። በአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ወንድምዎን ያለፈውን አንድ ዓመት በዝርዝር ይጠይቁት፤ የተገኘውን ጽፈው ለሐኪሞቹ ይስጡ። የአሥር ደቂቃ ጭውውት የትኛው ምርመራ መላክ እንዳለበት ሊወስን ይችላል።

ያልፈላ ወተት ወይም ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብ ይበላል? ከብት፣ በግ ወይም ፍየል ሲወልድ ረድቷል፣ የእንግዴ ልጅ ነክቷል፣ ከብት አርዷል? አዎ ካለ ሁለት ባክቴሪያ ይታሰባል። አንደኛው ብሩሴላ ነው፤ አኦርቲክ ቫልቭን ይመርጣል፣ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ በብሩሴሎሲስ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኛውን የሚገድለውም በልብ ላይ ሲያርፍ ነው። ይህ ከተጠረጠረ ላብራቶሪው አስቀድሞ መነገር አለበት። ብሩሴላ በላብራቶሪ ሳህን ላይ ሲበቅል በትንፋሽ በኩል የላብራቶሪ ሠራተኛን ይይዛል፤ ስለዚህ ናሙናው በልዩ የደኅንነት ክፍል ውስጥ ይከፈታል። ሁለተኛው ኮክሲየላ በርኔቲ ነው፤ ኪው ፊቨር የሚባለው በሽታ መንስኤ። ይህ በሴል ውስጥ ካልሆነ ስለማያድግ የተለመደው የካልቸር ጠርሙስ ለዘላለም ቢቀመጥ አያወጣውም። ትኩሳቱ ዝቅተኛ ነው፣ በኢኮ የሚታየው ቬጀቴሽን ትንሽ ነው ወይም ጭራሽ አይታይም። የሚገኘው በደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ነው፦ የመጀመሪያው ፌዝ ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል መጠኑ 1:800ን ካለፈ፣ እንደ ዋና ማስረጃ ይቆጠራል።

ድመት ቧጭሮት ያውቃል? ቁንጫ ያለባት ድመት በቤት አለች? በልብስ ቅማል የተያዘበት፣ መጠለያ ያጣበት ጊዜ ነበረ? እነዚህ ባርቶኔላን ያመለክታሉ፤ ከድመት የሚመጣው ሄንሴሌ፣ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው ኩዊንታና ይባላል። ባርቶኔላ ላይ አንድ አደገኛ ወጥመድ አለ። ኩላሊትን ያስቆጣል፣ በደም ውስጥ ኤኤንሲኤ የሚባለውን ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ያየ ሐኪም የደም ሥር ብግነት ነው ብሎ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ፣ የሰውነትን መከላከያም የሚያዳክም መድኃኒት) ቢጀምር ኢንፌክሽኑ ይባባሳል። ቫልቩ ላይ የበቀለ ነገር እያለ የኩላሊት ብግነት የታየበት ሰው የባርቶኔላ ምርመራ ሳይደረግለት ስቴሮይድ መጀመር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ዓሣ ወይም የአሳማ ሥጋ በማረድ፣ በመቁረጥ ሥራ እጁ ላይ ቁስል ወጥቶበት ያውቃል? ኤሪሲፔሎትሪክስ የሚባል ባክቴሪያ በዚህ መንገድ ገብቶ አኦርቲክ ቫልቭን ያጠፋል። ለቫንኮማይሲን በተፈጥሮው አይሸነፍም፤ ፔኒሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ግን ይገድሉታል። ባክቴሪያው ሳይታወቅ ቫንኮማይሲን ብቻ የሚሰጠው ሰው ስለዚህ ያልተሸፈነ ጎን ይኖረዋል። ውሻ ነክሶት፣ ወይም ሰው በጥርሱ ነክሶት ያውቃል? ይህም ይጠየቅ።

ለወራት ወይም ለዓመታት መጋጠሚያው ያለ ምክንያት ሲያመው ቆይቷል? ይህ ትሮፈሪማ ዊፕሌይ የሚባለውን ባክቴሪያ ያመለክታል፤ ብዙ ጊዜ ትኩሳት አያመጣም፤ በቀዶ ሕክምና የወጣ ቫልቭ በጄኔቲክ ምርመራ ሲታይ ነው በአብዛኛው የሚገኘው።

ሃሴክ የሚባሉት አምስት የአፍና የጉሮሮ ባክቴሪያ ዘሮችም አሉ፤ ስማቸው ከአምስቱ መነሻ ፊደል የተሠራ ነው። ድሮ ላብራቶሪዎች ጠርሙሱን ሦስት ሳምንት ያቆዩት የነበረው እነሱን ለመጠበቅ ነው። በዛሬው አውቶማቲክ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ቀን ውስጥ ይገኛሉ፤ ስለዚህ «ጠርሙሱን ብቻ እናቆየው» ማለት የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራዎችን አይተካም። አቢዮትሮፊያና ግራኑሊካቴላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። በጠርሙሱ ውስጥ ያድጋሉ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ፣ ወደ ተለመደው ሳህን ሲዛወሩ ግን አይበቅሉም፤ ቫይታሚን ቢ6 የተጨመረበት ምግብ ይፈልጋሉ። ላብራቶሪው «ታየ፣ ግን አልበቀለም» ካለ ስህተት ነው ተብሎ እንዳይጣል፤ በሳህኑ ላይ ስታፊሎኮከስ ጎን ሲዘሩት ይበቅላል።

የበቀለ ባክቴሪያም ተንቆ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ስታፊሎኮከስ ሉግዱኔንሲስ በላብራቶሪ መለያው ከቆዳ ብክለት ባክቴሪያዎች ጋር ይመደባል፤ ልብ ላይ ግን እንደ ኦሪየስ ጨካኝ ነው። በሁለት የተለያየ ናሙና ከተገኘ ብክለት ነው አይባልም። ስትሬፕቶኮከስ ጋሎሊቲከስ ከተገኘ ደግሞ፣ ቫልቩ እየታከመ ትልቁ አንጀት በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት፤ ይህ ባክቴሪያ ከአንጀት እባጭና ካንሰር ጋር አብሮ የሚገኝ ነው።

ምርመራው እንዴት ይታመናል ላሉት፣ ሐኪሞች የሚፈርዱት ዱክ በሚባል መስፈርት ነው። በ1994 ወጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በ2023 ታደሰ። ዋና ማስረጃና ደጋፊ ማስረጃ አለው። ሁለት ዋና፣ ወይም አንድ ዋናና ሦስት ደጋፊ፣ ወይም አምስት ደጋፊ ከተገኘ በሽታው የተረጋገጠ ነው ይባላል። ወንድምዎ እስከ አሁን ባሉት ነገር ብቻ አንድ ዋና አለው፦ በኢኮ የታየው። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ አንድ ደጋፊ ይሆናል። ይህ «ሊሆን ይችላል» ከሚለው ክፍል ያስገባዋል። ቫልቩ ሁለት ቅጠል ሆኖ ከተገኘ ሌላ ደጋፊ ይጨመራል። ምንም ሕመም ሳይሰማው ጣፊያው፣ ኩላሊቱ ወይም አንጎሉ ላይ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ከቬጀቴሽኑ ተሰብሮ የተበተነ ቁራጭ ምልክት ቢገኝ ሦስተኛው ደጋፊ እሱ ነው፤ በዚያ ጊዜ በሽታው ተረጋገጠ። «ልቡን ታሞ ጭንቅላቱን ለምን ያነሡታል» ብለው እንዳይገረሙ ይህን ጻፍኩ።

ኢኮው በደረት ላይ ብቻ ተደርጎ ከሆነ በጉሮሮ በኩል የሚገባው መደገም አለበት። በደረት በኩል የሚደረገው በተፈጥሮ ቫልቭ ላይ ያለ ቬጀቴሽንን ከአሥር በግምት በሰባቱ ብቻ ያያል፤ በጉሮሮ የሚገባው ከአሥር ዘጠኝና ከዚያ በላይ ያያል፣ በቫልቩ ሥር የተቋጠረ መግልንም የሚያሳየው እሱ ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ሆኖ ጥርጣሬው ከቀጠለ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ይደገማል። በሌላ በኩል በቫልቭ ላይ የታየ ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም። ሉፐስ የሚባለው ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ፣ የደም መርጋት የሚያበዛው አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም፣ የተሰወረ ካንሰር፣ ፋይብሮኤላስቶማ የሚባል ካንሰር ያልሆነ እባጭ ተመሳሳይ ምስል ይሰጣሉ። ካልቸሩ በትክክል ተደግሞ፣ የኮክሲየላ፣ የባርቶኔላና የብሩሴላ ምርመራ ተደርጎ ሁሉም ባዶ ሲሆን እነዚህ በተራቸው ይፈተሻሉ።

ሕክምናው ለምን ይረዝማል? ቬጀቴሽን ውስጥ በአንድ ግራም ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። የደም ሥር የለውም፤ ነጭ የደም ሴል እንደ ልቡ አይገባበትም። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ መባዛት ያቆሙ፣ የተኙ ናቸው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚገድሉት ባክቴሪያው አዲስ ግድግዳ ሲሠራ ነው፤ የተኛውን ሳያገኙት ያልፋሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን፣ ሳያቋርጥ፣ ለሳምንታት መቆየት አለበት። ፔኒሲሊን ከመገኘቱ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ሰው በአብዛኛው ይሞት ነበር፤ ዛሬም ሆስፒታል ከሚገቡት ከመቶ ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት አይተርፉም። ሳምንታቱን የሚያሳጥር ሰው በዚህ ላይ ነው የሚወራረደው።

መጠኑ በባክቴሪያው ይወሰናል። በቀላሉ ለሚሸነፈው የአፍ ስትሬፕቶኮከስ ፔኒሲሊን ጂ በቀን ከ12 እስከ 18 ሚሊዮን ዩኒት በአራት ወይም በስድስት ተከፍሎ፣ አለዚያ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን አንዴ፣ ለአራት ሳምንት ነው። ለሃሴክም ሴፍትሪያክሶን አራት ሳምንት። ኢንትሮኮከስ ፌካሊስ ለሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ አምፒሲሊን ከሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ጋር ስድስት ሳምንት። ለሜቲሲሊን ለሚሸነፍ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ክሎክሳሲሊን ወይም ፍሉክሎክሳሲሊን በቀን 12 ግራም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። ኮክሲየላ ከሆነ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፦ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴና ሃይድሮክሲክሎሮኪን 200 ሚሊ ግራም በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ 18 ወር። ብሩሴላ ሁለትና ሦስት መድኃኒት ተጣምሮ ቢያንስ ሦስት ወር ይፈልጋል። ባክቴሪያው ባልታወቀበት ጊዜ የሚሰጠው ሕክምና ብዙ ባክቴሪያን መሸፈን ስላለበት ሰፊና ረጅም ይሆናል፤ ለወንድምዎ ስድስት ሳምንት የተባለው ለዚህ ነው። መንስኤውን መፈለግ ለዕውቀት ብቻ የሚደረግ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፦ አንዱ በአራት ሳምንት ሲያበቃ ሌላው ዓመት ተኩል ይጠይቃል፣ ለኮክሲየላ ደግሞ የስድስት ሳምንት ሴፍትሪያክሶን ምንም አይጠቅምም።

በክኒን መጨረስ ይቻላል ወይ የሚለው ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። በዴንማርክ 400 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ ፖኤት የሚባለው ጥናት ቢያንስ አሥር ቀን በደም ሥር ታክመው የተረጋጉ ሰዎችን ወደ ሁለት ዓይነት ክኒን ቢያሸጋግር ውጤቱ እንዳልከፋ አሳይቷል። ነገር ግን የተካተቱት ባክቴሪያቸው ታውቆ፣ የሚገድለው ክኒን የተለካላቸው ናቸው። ካልቸሩ ምንም ላላበቀለ ሰው ያ ውጤት በቀጥታ አይሠራም። በወንድምዎ ቦታ ያለ ሰው በደም ሥር እንዲጨርስ እመክራለሁ።

በእነዚህ ሳምንታት የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ጀንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከተጨመረ ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለካ፣ ጆሮው መጮህ ወይም ሚዛኑ መሳት ከጀመረ ወዲያውኑ ይነገር። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በዚህ ጊዜ አይዋጡ። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የፔኒሲሊን ዓይነት መድኃኒቶች ነጭ የደም ሴል ሊቀንሱ ይችላሉ፤ የደም ቆጠራ በየሳምንቱ ይሠራ። ትኩሳቱ በመጀመሪያው ሳምንት መውረድ አለበት። ከሰባት እስከ አሥር ቀን አልፎት ካልወረደ፣ በቫልቩ ሥር መግል ተቋጥሮ፣ ወይም ጣፊያው ላይ ሌላ ክምችት ኖሮ ይሆናል፤ የጉሮሮ ኢኮውና ሲቲ ስካኑ ይደገማል። ትኩሳቱ ጠፍቶ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሰውየው ደኅና ሆኖ እያለ ከተመለሰ ደግሞ የደም ሥር ቱቦው ወይም መድኃኒቱ ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ደም ለማቅጠን ተብሎ አስፒሪን ወይም ሌላ መድኃኒት እንዳይጀመር፤ ቬጀቴሽንን አያሟሟም፣ አንጎል ውስጥ የመድማት አደጋ ግን ይጨምራል። ቀድሞ በሌላ ምክንያት የሚወስድ ከሆነ ጉዳዩ በሐኪሞቹ ለብቻው ይታያል።

በየቀኑ ኤሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) እንዲነሣለት ይጠይቁ፤ በተለይ አኦርቲክ ቫልቭ ስለሆነ። የልብ የኤሌክትሪክ መስመር በዚያ ቫልቭ ሥር ያልፋል። በኤሲጂው ላይ ፒአር የሚባለው ርቀት ከትናንቱ ረዝሞ ከታየ መግል ወደ ጡንቻው እየበላ ሊሆን ይችላል፤ ያ ታማሚ በዚያው ቀን የልብ ቀዶ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቀዶ ሕክምና በሦስት ምክንያት ይደረጋል፦ ቫልቩ ተበስቶ የልብ ድካም ሲመጣ፣ ኢንፌክሽኑ በመድኃኒት አልገታ ሲል ወይም መግል ሲቋጥር፣ ወይም ቁራጩ ተሰብሮ እንዳይሄድ ሲፈራ። 8 ሚሊ ሜትር በራሱ ለቀዶ አያበቃም። 10 ሚሊ ሜትር የደረሰና አንዴ ቁራጭ የበተነ ቬጀቴሽን ግን ያበቃል። የመሰበር አደጋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ያለ ነው፤ ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ በጣም ይወርዳል። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የፊት መጣመም፣ የንግግር መያዝ፣ የአንድ እጅ መዛል፣ ድንገተኛ የዓይን መጨለም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የግራ ጎን ኃይለኛ ሕመም ከታየ ነርሷን ለመጥራት አንድ ደቂቃ አይዘግዩ። ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረውና ቁጭ ካላለ መተኛት ካቃተውም እንደዚሁ፤ ቫልቩ ድንገት ሲበሳ ልቡ ለመስፋት ጊዜ አያገኝም፣ ሳንባው በሰዓታት ውስጥ ውኃ ሊይዝ ይችላል።

ቀዶ ሕክምና ከተደረገ አስቀድመው አንድ ነገር አደራ ይበሉ። የወጣው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ኬሚካል) ውስጥ እንዳይገባ። አንዱ ቁራጭ በንጹሕ ዕቃ ወደ ማይክሮባዮሎጂ ለካልቸርና ለጄኔቲክ ምርመራ፣ ሌላው በፎርማሊን ወደ ፓቶሎጂ ይሂድ። ፎርማሊን የነካው ሥጋ ካልቸር አያበቅልም። የሦስት ወር ጥያቄ የሚመለስበት ናሙና በአንድ ጠርሙስ ስህተት ሲጠፋ ከማየት የሚያሳዝን ነገር ጥቂት ነው።

ሕክምናው ሲያልቅ ኢኮ ይነሣል፤ ወደፊት የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነው። ክትትሉ በመጀመሪያው ዓመት የጠበቀ ይሁን፣ በሽታው ተመልሶ የሚመጣው በአብዛኛው በስድስት ወር ውስጥ ስለሆነ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ሲመጣበት ከማንኛውም ክኒን በፊት ካልቸር ይቀዳለት፤ «ኢንዶካርዳይትስ ነበረብኝ» ብሎ ራሱ ይናገር። ጥርሱን በቀን ሁለቴ ይቦርሽ፣ በዓመት ሁለቴ የጥርስ ሐኪም ይየው። ድድ የሚነካ ሥራ ከመሠራቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አሞክሲሲሊን 2 ግራም አንዴ ይውሰድ። ይህ ቅድመ መድኃኒት ለሁሉም የልብ ታማሚ የሚሰጥ አይደለም፤ አንዴ በሽታው ለያዘው፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው፣ ከባድ የተፈጥሮ የልብ ችግር ላለው ሰው ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ከሆነ ክሊንዳማይሲን አሁን አይመከርም፤ አዚትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም ይተካዋል።

የቅጠሉን ነገር ላንሣ። የወንድምዎ ቫልቭ ሁለት ቅጠል ሆኖ ከተገኘ ይህ በቤተሰብ የሚወረስ ጠባይ ነው፤ ከእንዲህ ያለው ሰው እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት፣ ልጆች መካከል ከአሥር አንዱ ገደማ ተመሳሳይ ቫልቭ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ይሰፋባቸዋል። እርስዎም፣ ሌሎች እኅት ወንድሞችዎም ምንም ባይሰማችሁ አንድ ጊዜ በደረት በኩል የሚደረገውን ኢኮ ተነሡ። ሐኪሙ የቫልቩን ቅጠል እንዲቆጥርና የደም ሥሩን ስፋት በሚሊ ሜትር እንዲጽፍ ንገሩት።